መርፌ አይወድም

እህቴ ቡና የምትፈትነው በጥርሷ ነበር። ከቴፒ ወጣ ብሎ፣ ከመኪና መንገዱ ወደ ወንዙ ሲወረድ፣ አንድ የቡና መፈልፈያ ነበረ። እዚያ ታጥቦ በሽቦ አልጋ ላይ የሚሰጣው ቡና መድረቅ አለመድረቁን የምትለየው እሷ ነበረች። አንድ ፍሬ ታነሳለች፣ ገለባውን በጥፍሯ ትልጣለች፣ በቀኝ መንጋጋዋ ትነክሰዋለች። ፍሬው ከላመ «ገና ነው፣ አገላብጡት» ትላለች። ቀጭ ካለ «ይነሳ!» ብላ ትጮኻለች፤ ሴቶቹ ጆንያ ይዘው ይመጣሉ። በለቀማ ወራት ከአልጋ አልጋ እየተጠራች ስትነክስ ትውል ነበር፤ ቤት ስትገባ እራቷን ለማኘክ እንኳን ትሰንፋለች።

እኔ በዚያን ጊዜ አራተኛ ክፍል አስተምር ነበር። ያስተማረችኝ ደግሞ እሷ ናት። አባታችን ሲሞት ስድስተኛ ክፍል ነበረች፤ ደብተሯን ለኔ ሰጥታ ቡና ለቀማ ገባች። ደብተሯን ስል የምሬን ነው፤ የጻፈችበትን ገጽ ቀዳ ባዶውን ነው የሰጠችኝ። ማሠልጠኛ ገብቼ እስክወጣ ድረስ የለበስኩትና የበላሁት ሁሉ ከሷ እጅ ነው። በመሃል አግብታ ነበር፣ ፈታች። ለምን እንደፈታች ሲጠይቋት «ሲተኛ ያንኮራፋል» ብላ ሰውን ታስቃለች፤ ሌላ ምክንያት እንደነበራት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ቤታችን ሁለት ቋንቋ ነበረው። እናታችን ቤንች ናት፣ ኑሮዋም ሸዋ ቤንች ነው፤ አማርኛ ትናገራለች፣ ስትናደድና ስታለቅስ ግን ወደ ቤንችኛዋ ትመለሳለች። እኔና እህቴ ቴፒ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን በአማርኛ ስንጨቃጨቅ እንኖር ነበር። እኔ እቴቴ እላታለሁ፣ እሷ ቲቸር ትለኛለች። ልታሾፍብኝ ነው። ሰው ፊት ግን «እህቴ እኮ አስተማሪ ናት» ስትል ድምጿ ይወፍር ነበር። በኔ ትኮራለች፣ የምላትንም ሁሉ ታምናለች። ይህን እንዳትረሱብኝ።

የመንጋጋ ጥርሷ የተሰነጠቀው ቡና ስትነክስ ነው። «ዛሬስ ቡናው እኔን ፈተነኝ» ብላ እየሳቀች ነበር የነገረችኝ። ቅርንፉድ ያዘችበት፣ ነጭ ሽንኩርት ከጨው ጋር ወቅጣ አደረገችበት፣ በግራዋ ማኘክ ጀመረች። እኔ «ሂጂና አስነቅይው» አልኳት፣ ሁለት ጊዜ ይሁን ሦስት ጊዜ። «ለቀማው ይለፍ» አለች። እሸት ቡና አይጠብቅም፤ ተለቅሞ ካደረ ይበላሻል፣ መፈልፈያው ደግሞ ያለሷ አይሆንለትም። በዚያ ወር ሕመሙን ለሌላ ጊዜ የማያሳድር ሰው በኛ አካባቢ የለም፤ ስለዚህ በዚህ ማንንም አልወቅስም። የምወቅሰው ከዚህ በኋላ ባለው ነው፣ የምወቅሰውም ሌላ ሰው አይደለም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ቀኝ ጉንጯ አብጦ፣ ዓይኗ ሊጨፈን ደርሶ ተነሳች። መስታወት አይታ «ይኸው ወፈርኩልሽ» አለችኝ። ስትስቅ ግን ፊቷ በአንድ በኩል ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። ተማሪዎቼን ለጎረቤት ክፍል አስተማሪ አደራ ሰጥቼ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት።

ነርሷ ወጣት ናት፣ ፊቷ የማይፈታ። አፏን በባትሪ አየች፣ መንጋጋዋን ከውጭ ዳሰሰች፣ ሙቀቷን ለካች። «ይህ ጥርስ መነቀል አለበት። እዚህ የሚነቅል የለንም። አሁን መርፌ እወጋታለሁ፣ ነገ በጠዋት አማን ሆስፒታል ውሰጃት» አለችኝና መድኃኒቱን ማዘጋጀት ጀመረች።

በዚያች ደቂቃ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ትዝ አለኝ። አንገቱ ሥር አብጦ ሰነበተ፣ ሐኪም ቤት ሄዶ ተወጋ፣ በማግስቱ ሞተ። ለቅሶው ላይ ተቀምጬ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «እብጠቱ መርፌ አይወድም ነበር።» በኛ አገር ይህን የማያውቅ የለም። መርፌ የሚወድ እብጠት አለ፣ መርፌ የማይወድ እብጠት አለ፤ የማይወደውን ከወጉት ይገድላል ይባላል። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚለዩት ደግሞ የሰፈር ትልልቅ ሴቶች ናቸው እንጂ ሐኪሞች አይደሉም። ተማሪዎቼ ይህን ቢጠይቁኝ እስቅባቸው ነበር። በእህቴ ላይ መርፌ ሲነሳ ግን ያስተማሩኝም ያስተማርኩትም ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፋ። ፈራሁ። ሌላ የማቀርበው ምክንያት የለኝም።

«ሲስተር፣ በክኒን አይሆንም?» አልኳት።

«ለምን?»

«እብጠት ነው እኮ። ምናልባት... መርፌ አይወድ ይሆናል።»

መርፌውን እንደያዘች ዞራ አየችኝ። «ሥራሽ ምንድን ነው?»

«አስተማሪ ነኝ።»

«አስተማሪ!» አለች። ወደ እህቴ ዞረች። «አንቺስ? የታመምሽው አንቺ ነሽ። ልውጋሽ ወይስ ይቅር?»

እቴቴ እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ጠቅልላ ተቀምጣ ነበር። ማንም ሳያዛት ራሷ ናት የጠቀለለችው። አየችኝ። እኔ ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅሁ። እሷም እጅጌዋን ቀስ አድርጋ ወደ ታች መለሰችና «እህቴ ታውቃለች» አለች።

ነርሷ አልተቆጣችም። የሚዋጥ መድኃኒት ሰጠችን፣ አወሳሰዱን ነገረችን፣ «ነገ አማን» አለችን። በር ላይ ስንደርስም ከኋላችን ድምጿን ከፍ አድርጋ «ነገ!» አለች።

ቤት ስንደርስ እማማ የምንላቸው አሮጊት ጎረቤታችን መጡ። የእቴቴን ጉንጭ በሁለት ጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና «ተወግታለች?» ብለው ጠየቁኝ።

«አልተወጋችም፣ እማማ።»

«እሰይ! ማን ከለከለ?»

«እኔ ነኝ።»

«ተባረኪ። ትምህርትሽ በከንቱ አልቀረም። ይህማ መርፌ አይወድም!»

ቅጠል ቀጥቅጠው፣ አሙቀው፣ በጨርቅ አድርገው ጉንጯ ላይ አሰሩላት። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ዝናብ እየመታቸው ነው ቅጠሉን ፈልገው ያመጡት። እኔም በመመስገኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ሌላ ሌላው ያሳዝነኛል፣ ያቺ የአንዲት ቅጽበት ደስታ ግን እስካሁን ፊቴን ታቃጥለኛለች።

ማክሰኞ አማን አልሄድንም። ጠዋት ስነሳ ጉንጯ ጎድሎ፣ ዓይኗ ተከፍቶ አየሁ። እማማ መጥተው «አያችሁ?» አሉ። እቴቴም «ቀለል ብሎኛል፤ አንቺ ልጆችሽ ጋ ሂጂ» አለችኝ። ከጉንጯ የጎደለው ከአገጯ ሥር መግባቱን አላየሁም። ብርድ ብርድ ስለሚላት ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ነበር። ነጠላውን ገለጥ አድርጎ ማየት የአንድ እጅ ሥራ ነው። ሳላደርገው ክፍሌ ገብቼ ሙሉውን ቀን ክፍልፋይ ሳስተምር ዋልኩ።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ አልጋው ጠርዝ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ ወደ ፊት ዘንበል ብላ፣ ከአፏ የሚንጠባጠበውን ምራቅ በሳህን ስትቀበል አገኘኋት። መዋጥ አቅቷታል። ፊት ለፊቷ አንዲት የመፈልፈያው ሠራተኛ ቆማለች፤ በወረቀት ጠቅልላ ቡና አምጥታለች። «ጥጉ ላይ ያለው አልጋ ግራ ገባን። አንዴ ንከሽልን ብለው ነው የላኩኝ» ትላታለች፣ እያፈረች።

እቴቴ አንድ ፍሬ አነሳች፣ ገለባውን ላጠች። በግራዋ ልትነክሰው ስትል አፏ አልከፈት አለ። ደግማ ሞከረች። አንዲት የቡና ፍሬ የምታልፍበት ክፍተት እንኳን አልነበረም። ፍሬዋን ከአፏ መለሰችና በአውራ ጣቷ ጥፍር ጫን ጫን አደረገቻት፤ ከዚያ እጇን ለሴትዮዋ አወዛወዘችላት። ገና ነው ማለቷ ነበር። ሴትዮዋ ቡናዋን ጠቅልላ ወጣች።

ያኔ ነው ነጠላዋን የገለጥኩት። አንገቷ የለም። ከአገጯ ጀምሮ ወደ ደረቷ አንድ ወጥ ሆኗል፣ ቀልቷል፤ ስነካው እንጨት ነው። ሠራተኛዋን ሮጬ ደርሼባት እህቴ ጋ እንድትቀመጥ መለስኳትና መኪና ፍለጋ ወጣሁ።

ወደ መናኸሪያው የሚወስደው መንገድ በጤና ጣቢያው ደጃፍ ነው የሚያልፈው። በሩ ክፍት ነበር። አልገባሁም። ያቺ ነርስ ቀና ብላ «አስተማሪ!» የምትለኝ መሰለኝና አፈርኩ፤ በማዶ በኩል አልፌ ሄድኩ። ገብቼ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ያን ምሽት መድኃኒቱን ታገኝ ነበር። ሰኞ በፍርሃት ከለከልኳት፣ ረቡዕ በኀፍረት። ዝናብ ሲጥል ስለዋለ ወደ ሚዛን የሚነሳ መኪና አልነበረም። ከብዙ ልመና በኋላ ንጋት ላይ ቡና ጭኖ የሚወጣ የአይሱዙ ሹፌር ጋቢናውን ሊሰጠን ተስማማ።

ሹፌሩ የጅማ ሰው ነው፣ ዕድሜው ጠና ያለ። እህቴን ሲያይ ደነገጠ፣ ግን ድንጋጤውን ዋጠው። «አብሽሪ እህቴ፣ ኢንሻአላህ እንደርሳለን» አላት። መንገዱ ጭቃና ጉድጓድ ነበር፤ እሱ ግን ያን ሁሉ ጭነት ይዞ እንቁላል የጫነ ይመስል ነበር የሚነዳው። እቴቴ መሃላችን ተቀምጣ ዳሽቦርዱን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ደገፍ ስትል ትንፋሽ ያጥራታል። የምትተነፍሰው ከሞተሩ ድምፅ በላይ ይሰማኝ ነበር።

ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ «ቲቸር» አለችኝ። ድምጿ ተለውጧል፤ አፏ ውስጥ ትኩስ ድንች የያዘች ትመስላለች።

«ወዬ፣ እቴቴ።»

«ልጆቹን... ማን ያዘልሽ?»

ተማሪዎቼን ማለቷ ነው። ማንም አልያዘልኝም ነበር፤ ለማንም ሳልናገር ነው የወጣሁት። «ተይዘዋል፣ አትጨነቂ» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በኋላ ሌላ የተናገረችው ቃል የለም። የመጨረሻ ጭንቀቷ የኔ ሥራ ነበር።

ሹፌሩ መንገዱን አጥፎ አማን ሆስፒታሉ በር ድረስ አደረሰን። ከቴፒ ስንነሳ ሸዋ ቤንች ላለው ባለ ሱቅ ደውዬ ነበር፣ እናቴ አማን እንድትመጣ እንዲነግርልኝ። ሐኪሙ እህቴን እንዳየ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። አንገቷን በመዳፉ ዳሰሰ፣ አፏን ሊከፍት ሞከረ፣ ለሌሎቹ በእንግሊዝኛ ፈጠን ፈጠን እያለ ተናገረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«መቼ ነው የጀመራት?»

«እብጠቱ ሰኞ።»

«ዛሬ ሐሙስ ነው።»

«አዎ።»

«ሰኞ ብትመጣ ጥርሷን ነቅለን ነበር የምንሸኛት» አለ። የተናገረው ሊወቅሰኝ አልነበረም፤ ድካም ነበር ፊቱ ላይ። «አሁን ጉሮሮዋ እየተዘጋ ነው። መድኃኒቱን እንጀምርላትና አንገቷን ከፍተን እናስተነፍሳታለን።»

እናቴ የገባችው ነርሱ መርፌውን ሲያነሳ ነው። ከሸዋ ቤንች በምን እንደመጣች አላውቅም፣ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበር። ልጇን አየች፣ እብጠቱን አየች፣ መርፌውን አየች። «ተዉ! ተዉ! ይህ መርፌ አይወድም!» ብላ የነርሱን ክንድ ያዘች። እኔ ነኝ ወገቧን ይዤ ከነርሱ ያላቀቅኋት። «እማዬ፣ ሐኪሞቹ ያውቃሉ፣ ተያቸው» አልኳት። ሰኞ ለራሴ ልለው የሚገባኝን ነገር ሐሙስ ለእናቴ አልኩት።

መርፌው ተወጋ። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «መቼ ነው የታመመችው? እንዴት ቀደም ብለሽ አልላክሽብኝም?» አለችኝ።

«ትናንት ማታ» አልኳት።

አላሰብኩበትም። ከሐኪሙ ጋር እውነቱን ተናግሬ ገና አሥር ደቂቃ አልሞላም። የእናቴን ዓይን ሳይ ሦስቱ ቀን ከአፌ አልወጣ አለ። አንዴ ከወጣ በኋላ ደግሞ የሚመለስ ነገር አልነበረም፤ ምክንያቱም አንገቷን የሚከፍቱበትን ክፍል እያዘጋጁ ሳለ፣ እኩለ ቀን ሳይሆን፣ እቴቴ እጇን ወደ ጉሮሮዋ ሰደደችና ከአልጋው ልትነሳ ሞከረች፣ ዓይኗ ፈጠጠ፣ ሐኪሞቹ ከበቧት፣ እኛን አስወጡን። ሲጠሩን አልቋል።

እናቴ በቤንችኛ ጮኸች። ወደ አማርኛ ስመልሰው ያለችው ይህን ነው፤ «በእግሯ የመጣች ልጄን በመርፌ ገደሉብኝ። እህቷም ይዛ አስወጋቻት።»

ለቅሶው ሸዋ ቤንች ነበር። ለሚመጣው ሰው ሁሉ እናቴ የምትናገረው አንድ ነገር ነው፤ ማታ አመማት፣ በማግስቱ ወጓት፣ ሞተች። ሰው ከንፈሩን ይመጣል፣ ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ጎኗ ተቀምጬ እሰማለሁ። ሦስተኛው ቀን ላይ የመፈልፈያው ሴቶች መጡ፤ አንዷ ያቺ በወረቀት ቡና ያመጣችው ነበረች። ቀናቱን ታውቃለች። ዓይን ለዓይን ተያየን። አቀርቅራ፣ ያን ዕለት ቡና በወረቀት ይዛ በመምጣቷ አለቀሰች እንጂ በኔ ላይ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ከዚህ ይልቅ ተነስታ ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

እዚያው ተቀምጬ ነው ስለ ዘበኛው እንደገና ያሰብኩት። እሱም እኮ «ሰነበተ» ነበር የተባለው። ስንት ቀን እንደሰነበተ፣ ማን «ቆይ» እንዳለው የጠየቀ የለም። እንዲያ እያልን በመጨረሻ ሰዓት እናስወጋለን፣ ሲሞቱ መርፌውን እንከሳለን። ይህ ገባኝ። መግባቱ ግን አፌን አላስከፈተኝም፤ እናቴ አንድ ልጅ ቀብራ ሁለተኛዋን እንድትጠላ አልፈለግሁም። ለሷ ብዬ ነው ብል ደግሞ ውሸት ነው። ለራሴ ነው።

ዝም በማለቴ የሆነውን ልንገራችሁ። እህቴ ማስረጃ ሆነች። ቴፒም፣ ሸዋ ቤንችም፣ ሚዛንም «ያቺ ቡና የምትነክሰው ልጅ» እየተባለች መርፌ የማይወደው እብጠት ምሳሌ ሆነች። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ተማሪዬ ጉንጩ አብጦ መጣ። እናቱን አስጠርቼ «ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰጂው፣ ይውጉት፣ ይንቀሉለት» አልኳት። ሴትዮዋ በሐዘኔታ አየችኝ። «ቲቸር፣ እርስዎ ይህን ይላሉ? የእርስዎን እህት የገደላት ምን ሆነና!» አለችኝ። የዚያን ጊዜ ብናገር ምን ነበረበት? «መርፌው አይደለም፣ እኔ ነኝ» ብል ምን ነበረበት? «ግድ የለም፣ ውሰጂው» ብቻ አልኳት። ልጇን ይዛ ወጣች። ልጁ ወደ ክፍሌ አልተመለሰም። ለለቀማ ሥራ ወደ ሌላ ቦታ ሄደዋል ተባልኩ። እውነት ይሁን አይሁን እስከዛሬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ቴፒ መኖር አቃተኝ። ዝውውር ጠይቄ ሚዛን ገባሁ፣ በየሳምንቱ መጨረሻ ሸዋ ቤንች እናቴ ጋ እሄዳለሁ። እናቴ እንደድሮዋ አልሆነችልኝም። አትጣላኝም፣ ታበላኛለች፣ ትመርቀኛለች። ግን ብርድ ልብስ ስታለብሰኝ ወይ ፀጉሬን ስትነካኝ እጇ በመሃል ይመለሳል። እህቴ ከሞተች እስከ ሰባት ዓመት ድረስ እንዲህ ቆየ።

አንድ ቅዳሜ ስሄድ ሻሿን በአገጯ ሥር አስራ፣ ጎደሬ ስትልጥ አገኘኋት። ቤት ውስጥ እንዲያ የምታስር ሰው አይደለችም። ልስማት ብዬ ስጠጋ ፊቷን አዞረች። ገለጥኩት። በዚህኛው ጊዜ ገለጥኩት። ግራ ጉንጯ አብጧል፣ ይጋላል።

«መቼ ነው የጀመረሽ?»

«ትናንት ጠዋት። ይተወኛል።»

«ተነሺ፣ አማን እንሂድ። አሁን ጥርስ የሚነቅሉበት ክፍል አላቸው።»

«መርፌ አይወድም» አለች፣ ቢላዋዋን ሳታስቀምጥ። «እህትሽን ቀብሬ እኔ መርፌ እወጋለሁ? ደግሞም አንቺው ይዘሽኝ?»

የምነግራትን እውነት ሰባት ዓመት በአማርኛ ለብቻዬ ስለማመደው ነበር። ሲወጣ ግን በቤንችኛ ወጣ፣ የተለማመድኩት ሁሉ ቀርቶ። «እማዬ፣ ዋሸሁሽ። ትናንት ማታ አልነበረም የጀመራት። ሰኞ ነው። ሰኞ ነርሷ ልትወጋት ነበር፣ እቴቴም እጅጌዋን ጠቅልላ ነበር፣ እኔ ነኝ ያስተውኳት። ሦስት ቀን ቤት አስቀመጥኳት። መርፌው አልገደላትም። እኔ ነኝ ያቆየኋት።»

ቢላዋው እጇ ላይ እንዳለ ቆየች። ትመታኛለች ብዬ ነበር፤ ብትመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። ግማሽ የተላጠውን ጎደሬ ውሃው ውስጥ ከተተችው። እጇን አደራረቀች። «ነጠላዬን አቀብዪኝ» አለች።

ሚኒባሱ ውስጥም፣ ከሚዛን አማን በባጃጅ ስንሄድም ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ተቀመጠች። የጥርስ ባለሙያው ማደንዘዣውን ሊወጋት ሲል እጄን ዘረጋሁላት፤ አልያዘችውም፣ የወንበሩን ጠርዝ ነው የያዘችው። ዓይኗን አልጨፈነችም። መርፌው ሲገባ ጣሪያውን እያየች እንባዋ በሁለቱም በኩል ወደ ጆሮዋ ወረደ። ባለሙያው አሳመማት መስሎት «እናቴ፣ አይዞሽ፣ አለቀ» አላት። በእርግጥም አለቀ፤ ወረፋ የጠበቅነው ጊዜ ይበልጣል። እናቴ ጥርሷን እንዲሰጧት በእጇ ጠየቀች። በጥጥ ጠቅልለው ሰጧት።

ቤት ስንገባ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። የነከሰችውን ጥጥ አወጣች፣ በሞቀ ውሃና በጨው ተጉመጠመጠች። ከዚያ የተጠቀለለውን ጥርስ ፈታ መዳፏ ላይ አደረገችው።

«የሷንም እንዲህ ነበር የሚነቅሉላት?» አለችኝ።

«እንዲህ ነበር፣ እማዬ።»

«ሰኞ?»

«ሰኞ።»

ጥርሱን አገላብጣ አየችው። «ይህቺው ናት?» አለች። «ይህቺን ታክል ነገር ናት?»

«ይህቺን ታክል ነገር ናት።»

መዳፏን ጨብጣ ደረቷን መታች። ሰባት ዓመት የተጠራቀመ ጩኸት ነበር የወጣት፤ ልጇ ገና አሁን የሞተች ያህል ስሟን እየጠራች፣ በቤንችኛ። ጎረቤት ሁሉ ሰው የሞተ መስሎት እየሮጠ መጣ። ባለ ሱቁና ሚስቱ፣ የካፋዋ ሴት፣ ከማዶ ያሉት ሽማግሌ ሳይቀሩ ቤቱን ሞሉት። «ምንድን ነው? ምን ሆናችሁ?» አሉኝ።

«ጥርሷን ተነቅላ ነው፣ ሕመሙ ነው» አልኳቸው።

እናቴ ለቅሶዋን አቆመች። እንደዚያ አበጥ ባለው አፏ፣ ሁሉም እንዲሰማት በአማርኛ፣ «አይደለም» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ።

«ንገሪያቸው።»

ከሰኞ ጀምሬ ነገርኳቸው።